እናቴን የሚያስፈቅደው በር

ሥራህ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው «በረኛ ነኝ» ማለት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ምን ላድርግ? ድሮ ስለ ኔትወርክና ስለ ሰርቨር ማስረዳት እጀምር ነበር። ጠያቂው መሀል ላይ ዓይኑ ይፈዛል። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ ያወጣና «እስቲ ይቺን እያት፣ ቻርጅ አልይዝ እያለችኝ ነው» ይለኛል። በረኛ ነኝ ስል ግን ወዲያው ይገባዋል። የት? ይላል። ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ እለዋለሁ። ወላሂ አልዋሸሁም። ጠዋት ደሴ፣ ሆጤ ከሚባለው ሰፈራችን ተነስቼ፣ ጢጣን አልፌ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ። ቀኑን ሙሉ የፋብሪካውን ኮምፒውተሮች በር ስጠብቅ እውላለሁ። ማምሻዬን ወደ እናቴ ቤት እመለሳለሁ።

ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ ፋብሪካው በር አይደለም። የፋብሪካ በር ምን ወግ አለው? የማጫውታችሁ እናቴ ቤት ስለሠራሁት በር ነው። የቆርቆሮውን በር ማለቴ አይደለም። እሱ ከእኔ በፊትም ነበር፤ ዛሬም ሲከፈት ያቃስታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ እኔ ዓይነት ሰው ቤቱ ሲገባ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቼ ሳሎን ቡፌው ሥር አስቀመጥኩና ሦስት ነገር ጫንኩበት። አንደኛው የቤተሰቡ ፎቶ ነው፤ ሰርጉ፣ ዒዱ፣ የልጆቹ ምረቃ። ሁለተኛው የውሃ ሮቷችን ነው። ደሴ ውሃ በተራ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሮቶው ውስጥ አንዲት መለኪያ ከትቼ፣ ይሙላ ይጉደል ሥራ ቦታዬ ሆኜ በስልኬ አያለሁ። ሦስተኛው የአባቴ ካሴቶች ናቸው።

ስለ ካሴቶቹ ትንሽ ልንገራችሁ። አባቴ የተሳቢ መኪና ሹፌር ነበር። መስመሩ አሰብ ነው። አንዴ ከወጣ ብዙ ይቆያል፤ ስልክ እንደዛሬው አልነበረም። ደብዳቤ እንዳይጽፍ እናቴ ማንበብ አትችልም። ሰው እያነበበላት የባልና የሚስት ነገር በጎረቤት አፍ እንዲያልፍ ደግሞ አልፈለገም። ስለዚህ በቴፕ ይቀዳላታል። ሚሌ ሲደርስ፣ ሎጊያ ሲያድር፣ አሰብ ወረፋ ሲጠብቅ ይቀዳና ወደ ደሴ ለሚወጣ ሹፌር ካሴቱን ይሰጠዋል። እናቴ ቴፑን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ትሰማለች። እኔና እህቴ መሪማ ከበር ኋላ ተሸጉጠን እንሰማለን። እሷ ታውቃለች፤ የማታውቅ ትመስላለች።

አባቴ ከሞተ በኋላ ቴፑም አረጀ፤ ካሴት መብላት ጀመረ። አንድ ቀን እናቴ «ሙሔ፣ ድምፁ ሳያልቅ አንድ ነገር አድርግ እንጂ» አለችኝ። አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኳቸው።

በዚያን ጊዜ ሦስቱም ነገሮች አድራሻቸውን ላወቀ ሁሉ ክፍት ነበሩ። አድራሻውን ማን ያውቀዋል? እኔ ለመሪማ ሰጠሁ፣ መሪማ ለአክስቶቻችን ልጆች ሰጠች፣ የአክስቶቻችን ልጆች ለማን እንደሰጡ አላህ ይወቀው።

መጀመሪያ የታወቀብን በሮቶው ነው። እናቴ «ይሄ ሰፈር ምን ነካው?» ትል ጀመር። ሮቶው በሞላ ቁጥር ጎረቤት ቢጫ ጀሪካን ይዞ ከተፍ ይላል። የጎደለ ቀን ማንም ዝር አይልም። ይባስ ብሎ አንዷ ጎረቤታችን «እትዬ ዘይነባ፣ ዛሬ እስከ አንገቱ ሞልቶላችሁ የለ?» እያለች ገባች። ከእኛ በፊት እኮ ታውቃለች። እናቴ ግን ለውሃ አልከፋትም። ከእነሱ ቤት የቧንቧው ግፊት ስለማይደርስ ይውሰዱ ብላ ጀሪካኑን ራሷ ደግፋ ሞላችላት።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። ኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። የሹፌሩ ስልክ ጠራ። ሲጠራ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሃሎ... ሃሎ... ይሄ ነገር ይቀዳል ወይስ ዝም ብዬ ነው የምለፋው?» የአባቴ ድምፅ። አባቴ ካሴት ሲጀምር ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚለው፤ ቴፑን አምኖት አያውቅም። ተሳፋሪው ሳቀ። ሹፌሩም ሳቀና «ምርጥ ሰውዬ አይደል? ቴሌግራም ላይ ነው ያገኘሁት» አለ።

እኔ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። አባቴ ሞቶም ሚኒባስ ውስጥ ሰው ያስቃል። ትንሽ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ግን ከዚያ ቀጥሎ ካሴቱ ላይ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። «ዘይነባ» ይላል፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ሚኒባስ ውስጥ እንዲሰማ አልፈለግኩም።

ቤት ስደርስ ለእናቴ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «ለእኔ የተላከ እኮ ነው» አለች።

ከዚያ በስልክ የቤተሰብ ክርክር ሆነ። መሪማ ከእኛ ከልጆቹ በቀር ማንም እንዳይሰማ አለች። የአክስቶቻችን ልጆች ተቀየሙ፤ ያሳደገን አጎታችን አይደለም ወይ አሉ። አንዱ እንዲያውም ከመሪማ ጋር ሰላምታ አቆመ። እናቴ ሁሉንም ሰማቻቸውና ስልኩን ተቀበለችኝ። «አትጣሉብኝ» አለች። «መስማት የፈለገ እኔን ያስፈቅድ። አለቀ።»

ይሄ ለእኔ ሙያ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ የታወቀ አሠራር ነው። ሰው የሚፈልጋቸው ነገሮች በቀጥታ ወደ ውጭ አይታዩም። ከፊታቸው አንድ በር ይቆማል፤ ሪቨርስ ፕሮክሲ ይሉታል። የመጣ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያገኛል። በሩ ራሱ ግን አይፈርድም። ጥያቄውን ይዞ ከእሱ ውጭ ያለ አንድ ፈቃድ ሰጪ ዘንድ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው መጥቷል፣ እንዲህ ያለ ነገር ፈልጓል፣ ላሳልፈው ወይ? ይላል። አሳልፈው ከተባለ ያሳልፋል። መልሰው ከተባለ ይመልሳል። መልስ ከጠፋም ይመልሳል፤ ጠርጣራ ነው። ሌላ ቦታ ያ ፈቃድ ሰጪ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። እኛ ቤት እናቴ ናት።

ማንበብ ስለማትችል ነገሩን በድምፅ አደረግኩላት። ካሴት መስማት የፈለገ ሰው ስሙን ይጽፋል፣ ካሴቱን ይመርጣል፣ ከዚያ ስልኩ ላይ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማን እንደሆነና ለምን እንደፈለገ በአፉ ይናገራል። ድምፁ እናቴ ስልክ ላይ ይደርሳል። እሷ ሰምታ ከሁለት ትልልቅ ቁልፎች አንዱን ትነካለች፤ አረንጓዴ ወይ ቀይ። ፎቶዎቹን ለዘመድ ሁሉ ፈቀደች። ሮቶውን ክፍት ተወው አለችኝ።

መጀመሪያ ላይ መከራ አየሁ። ኮምፒውተር ችኩል ነው። በሩ ለመልስ የሚታገሠው ለጥቂት ሰከንድ ነበር። እስቲ ወሎ ውስጥ በጥቂት ሰከንድ ሰላምታ የጨረሰ ሰው አሳዩኝ። ሰዉ «አሰላሙ አለይኩም እትዬ ዘይነባ፣ እንደምን ሰነበቱ፣ ያ ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎ፣ ከብቱ...» ሲል ይቆረጣል። እኛ እኮ ከብት የለንም። እናቴ ተቆጣችኝ። «ሰው ሰላም እያለኝ አፉ ላይ የሚዘጋ ምን ያለ ስድ ነገር ነው የሠራኸው?» አለችኝ። አረዘምኩት። ቢሆንም አልበቃም። ስልኩ ሲመጣ ሶላት ላይ ትሆናለች፣ ወይ ሽንኩርት እየከተፈች እጇ ርሷል፣ ወይ ቄጤማ ልታስመጣ ጎረቤት ሄዳለች። በሩ መልስ ስላጣ ሰዉን ይመልሰዋል። ሰዉ ደግሞ እትዬ ዘይነባ ከለከለችኝ ብሎ ይቀየማል። በመጨረሻ በሩን ግማሽ ቀን እንዲታገሥ አደረግኩት። የሙያ ጓደኞቼ ቢያዩት ይስቁብኝ ነበር።

ፈቃድ አሰጣጧም የራሷ ነው። ለመሪማ የሎጊያዎቹን አልፈቀደችም። ለምን ስላት «እሷ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ራሷን ያማታል» አለችኝ። አንድ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከሚስቱ ጋር ተኳርፎ ሳለ ለመሳቅ ብሎ የአሰቡን ካሴት ጠየቀ። እናቴ የአሰቡን ትታ «ያንን ሌላውን ክፈትለት» አለችኝ። አባቴ ተጣልቷት ወጥቶ፣ መንገድ ላይ ሆኖ ይቅርታ የሚጠይቅበትን ነው። ልጁ ሰማው። ምን እንዳደረገ አልጠየቅነውም፤ በዒድ ግን ከነሚስቱ መጣ።

እንዲህ እያለ አንድ ቀን እናቴ «ሙሔ፣ አንድ የማይናገር ሰው አለ» አለችኝ።

ስልኩ ይጠራል፣ ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች፣ ቃል የለም። ትንፋሽ ብቻ ነው። ትንፋሹም ደግሞ ልክ አይደለም፤ ያፏጫል። ሰላምታ የለ፣ ስም የለ። «የሚያሾፍ ሰው ይሆናል» አለች። ቀዩን ነካችበት።

ሰውዬው ግን ተመለሰ። ሌላ ቀን ደግሞ መጣ። ብዙ ጊዜ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ሁልጊዜ አንድ ካሴት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ አንዱን የሚሌ ካሴት። እኔ ስሙን አየሁት። ይማም ሰይድ ይላል። ወሎ ገበያ መሀል ቆማችሁ «ይማም ሰይድ» ብላችሁ ብትጣሩ ስንቱ ይዞራል? ለእናቴ ብነግራትም የትኛው እንደሆነ አላወቀችም።

«ጭራሽ ልዝጋበትና እንገላገል?» አልኳት።

«ተወው» አለችኝ። «ቀዩን እኔ እነካለታለሁ። አንድ ቀን ይናገር ይሆናል።»

እየቆየ ሲሄድ ትጠብቀው ጀመር። ዐስር ሰግዳ ስልኩን አጠገቧ ታስቀምጣለች። ከዘገየ «ያ ዝምተኛው ዛሬ አልመጣም፤ አሞት ይሆን?» ትላለች። ሲመጣ ታዳምጠዋለች። ትንሽ ትታገሠዋለች። «ተናገር እንጂ የኔ ልጅ» ትለዋለች፤ እሱ እንደማይሰማት እያወቀች። ከዚያ ቀዩን ትነካለች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ፋብሪካው ውስጥ አንዲት ልጅ ቢሮዬ መጣች። ፈትል ክፍል ነው የምትሠራው፤ የጥጥ ብናኝ ሻሿ ላይ ሰፍሯል። ዘሀራ እባላለሁ አለችኝ። ከአክስቴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ስለሚሠሩ የካሴቶቹን ነገር ሰምታ ቤትም አውርታዋለች።

«አባቴን ለምንድን ነው የምትመልሱት?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ቀስ ብላ ነው።

«አባትሽ ማን ናቸው?»

«ይማም ሰይድ።»

«እህቴ፣ የምትመልሳቸው እናቴ ናት። ሰው ድምፁን ካላሰማት አትከፍትም። ማን እንደሆኑ ቢናገሩ እኮ...»

«አይናገርማ» አለች። «መናገሪያ የለውም።»

ከዚያ ቆማ ነገረችኝ። እሷ ገና ጡት ሳትጥል አባቷ ጉሮሮውን ታመመ። አዲስ አበባ ወስደው ኦፕራሲዮን አደረጉት። እሱ ተረፈ፤ ድምፁ ግን እዚያው ቀረ። የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ ባለ ቀዳዳ ነው። መንገድ ዳር ጎሚስታ አለው፤ ጎማ ይለጥፋል። ሰው ሲጠራ ቃጭል ያንቃጭላል። ማውራት ሲፈልግ ስልኩ ላይ ይጽፋል። ዘሀራ የአባቷን ድምፅ አታስታውሰውም። የተቀዳ ነገርም አልነበረም።

ካሴቱን ሲጠይቅ ለእሷ አልነገራትም ነበር። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ስልኩን ይዞ አቀርቅሮ አገኘችው። ስክሪኑ ላይ «አልተፈቀደም» ይላል። ምንድን ነው ስትለው ጻፈላት። ወጣት ሳለ የመኪና ረዳት ሆኖ ሲሠራ ድምፁ እዚያ ካሴት ላይ ተቀድቷል። መጀመሪያ ብቻውን ሊሰማው ነው ያሰበው። ካላማረ ለእሷ አያሰማትም።

«ያኔ ራዲዮ ነበር የሚሉኝ ይላል» አለችኝ።

ተቀመጥኩ።

ራዲዮን አለማወቅ እንዴት ይቻላል? የአባቴ ረዳት ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉ የማያርፍ። መኪናው ሆጤ ሳይደርስ የእሱ ወሬ ይደርሳል። አባቴ ሲመጣ ዝም ብሎ ይገባል፤ ራዲዮ ግን ተምሩን ለእኛ እያደለ የመንገዱን ነገር ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይዘረግፈዋል። ከዚያ የአሰብ መስመር ተዘጋ። አባቴ መኪናውን ተወ። ራዲዮም ሥራ ፍለጋ ወደ ታች ወረደ ተባለና ጠፋ። ስሙ ይማም እንደሆነ እኔ አላውቅም ነበር። ራዲዮ ከተባለ ሌላ ስም ምን ያደርግለታል?

ቤት ስገባ እናቴ ሰፌድ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ነገርኳት። እጇ ቆመ።

«ራዲዮ?»

«አዎ እማ።»

«ያ ዝምተኛው ራዲዮ ነው?»

«አዎ።»

ሰፌዱን ከጭኗ አውርዳ መሬት አስቀመጠችው። «ስንት ጊዜ ቀዩን ነካሁበት?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት። ኮምፒውተሩ ይቆጥራል፤ ቁጥሩን አይቼዋለሁ። ግን አልነገርኳትም።

እሁድ ኮምቦልቻ ወረድን። እናቴ መኪና አይስማማትም፤ ያ ቁልቁለት ሲጠማዘዝ ሆዷ ይገለበጣል። ሎሚ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ወረደች። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ሲቀበለን ዓይኗን ገለጠችና «ዘሀራ ለምትባለው ደውልላት፣ ምሳ እንዳትደክም» አለችኝ።

ጎሚስታው አንድ የኒም ዛፍ ሥር ነው። የጎማ ክምር አለ፣ ውሃ ያለበት በርሜል አለ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ራዲዮ ከዘሀራ ጋር ቆሞ ጠበቀን። ሸብቷል። አንገቱ ላይ ነጭ ስስ ጨርቅ ጠምጥሟል፣ ቃጭሉ ከደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

እናቴ ቀረብ ብላ አየችው። «ከስተሃል» አለችው። ቀጥላም «አፉ በለኝ። በሬ ላይ ስትመላለስ እኔ ነኝ የመለስኩህ» አለችው።

ራዲዮ ራሱን ነቀነቀ። ስልኩን አውጥቶ በሁለት አውራ ጣቱ ይጽፍ ጀመር። ፍጥነቱን ብታዩ፤ አፉ ወደ ጣቱ ነው የወረደው። ዘሀራ ለእናቴ አነበበችላት። «ከአሰብ እስከ ኮምቦልቻ አንድ የትራፊክ መብራት አልነበረም። ቀይ ሲበራ መቆም ማን አስተማረኝ? ለዚያ ነው የተመላለስኩት ይላል።»

እናቴ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ተለወጠና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደችው።

አግዳሚው ላይ አስቀመጧት። እኔ ካሴቱን ዝም ብዬ ልከፍትላቸው ስል እናቴ ከለከለችኝ። እንደ ወጉ ይጠይቀኝ አለች። ራዲዮ ስልኩን አነሳ፣ ቁልፉን ተጭኖ ወደ አንገቱ አስጠጋው። የእናቴ ስልክ መዳፏ ላይ ጠራ። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ያንን የሚያፏጭ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ አረንጓዴውን ነካች።

መጀመሪያ የመጣው አባቴ ነው። ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይቀዳል ወይ አለ። በሰላም ደርሰናል አለ። እኔ ደህና ነኝ፣ መኪናውም ደህና ነው፣ ልጆቹን ሳሚልኝ አለ። አባቴ በቴፕ ሲናገር እንደ ዜና አንባቢ ነው፤ ይደርቃል። ከዚያ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ አንድ ቀጭን፣ የሚጣደፍ፣ የሹክሹክታ ድምፅ መጣ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። ጋሼ ጎማ ሊያዩ ወርደዋል። ደህና ነኝ ያሉዎት ውሸታቸውን ነው። ወባ ይዟቸው ሚሌ ተኝተን ነበር። አሁን አልሐምዱሊላህ ተነስተዋል። ትናንት ፓስታ በልተዋል፣ የእሳቸውን ጨርሰው የእኔንም ነክተዋል። ክኒኑን እኔ ነኝ የምሰጣቸው፤ ሲተፉት አይቼ ደግሜ ሰጥቻቸዋለሁ። እርስዎ አያስቡ። እንደነገርኩዎት እንዳያወጡብኝ፣ ከመኪና ያወርዱኛል። ደግሞ ሙቀቱ፣ ሙቀቱን አልነግርዎትም። ትናንት አንዲት ግመል የመኪናው ጥላ ውስጥ ገብታ አልወጣም ብላ...»

ከሩቅ የአባቴ ድምፅ መጣ። «አንተ ራዲዮ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከማንም ጋሼ። የቴፑን ድንጋይ እያየሁ ነው።»

ጠቅ አለ። አለቀ።

እኔ ራዲዮን ነበር የማየው። ድምፁ ሲናገር ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ አንዲት ቃል አልረሳም። ግመሏ ላይ ሲደርስ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው።

ዘሀራ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። «ቀጭን ነው» አለች። «እኔ ወፍራም ይመስለኝ ነበር። በሕልሜ ሁልጊዜ ወፍራም ነው።» ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ «ያምራል» አለችው። ድጋሚ ከፈትንላት። ደግመን ከፈትንላት። አንድ ሹፌር ጎማው ተንፍሶ መጥቶ ነበር፤ እሱም ጎማውን ረስቶ ቆሞ ሰማ። ግመሏስ ወጣች? ብሎ ጠየቀ። ራዲዮ በእጁ አልወጣችም ብሎ መለሰለት።

እናቴ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «አባትህ ደህና ነኝ ሲል አላምነውም ነበር» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን ራዲዮ ላይ ነው። «የሱን ንግግር ቶሎ በጨረሰ እላለሁ። የምጠብቀው ይሄን ልጅ ነው። ይሄ ልጅ ከተናገረ በኋላ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

ራዲዮ ይሄን ሲሰማ ስልኩን አላወጣም።

ስንመለስ፣ ገና ሚኒባሱ ሳይሞላ፣ እናቴ «ከእንግዲህ እሱን አታስጠይቀው። ዝም ብሎ ይግባ» አለችኝ። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይወደድ ላስረዳት ሞከርኩ። ለአንድ ሰው ሕግ ከተዘለለ በሩ በር አይሆንም አልኳት። አየችኝ። ጢጣ ሳንደርስ በስልኬ አስተካከልኩት።

በዚህ አልበቃትም። ጥያቄው እየበዛ ሲያደክማት «ግማሹን እሱ ይፍረድ፤ ጆሮው ደህና ነው» አለች። አሁን በሩ ሁለት ፈቃድ ሰጪ አለው። ራዲዮ በአንድ እጁ ጎማ ይዞ በአንድ እጁ ይፈርዳል። በጣም ፈጣን ነው። ደግሞ ጥብቅ ነው። አንዱን የአክስቴን ልጅ ያለ ሰላምታ ስለጀመረ መለሰው። መሪማን እንኳን «ድምፅሽ ተቆጥቷል፣ ተረጋግተሽ ነይ» ብሎ ጽፎ መለሳት። በማግስቱ ተረጋግታ ጠየቀች፤ የሎጊያውን ከፈተላት። ራሷን አላመማትም።

በቅርቡ ደግሞ እናቴ አዲስ ነገር አመጣች። «ያ ዕቃህ ከእኔም ይቀዳል?» አለችኝ። ይቀዳል አልኳት። አሁን አልፎ አልፎ ክፍሏን ትዘጋና ለራዲዮ ትናገራለች። ድምፅዋ ኮምቦልቻ ይወርዳል። እሱ ጽፎ ይመልሳል፤ ዘሀራ በድምፅዋ አንብባ ትቀዳዋለች፤ እሱ ደግሞ ደሴ ይወጣል። ውጭ ሆኜ የምሰማው የእናቴን ሳቅ ብቻ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማሁም። እነዚህን ቅጂዎችም ከበሩ ኋላ አስቀመጥኳቸው። ማን ይፍቀድባቸው ስላት «እሱ ብቻ» አለች።

ምን ያወራሉ? እናንተስ ብትሆኑ አያጓጓችሁም? ኮምፒውተሩ ያለው እኛ ቤት፣ ቡፌው ሥር ነው። ከኋላ ገብቼ ብሰማ የሚያየኝ የለም። አላደረግኩትም። እንደ ማንኛውም ሰው ከፊት መጣሁ። ቁልፉን ተጭኜ ሰላምታዬን አሟልቼ፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ዘሀራ፣ ስለ ጎሚስታው ጠይቄ፣ እናቴ የተናገረችውን አንዱን ብቻ ልስማ አልኩ።

«አልተፈቀደም» አለኝ በሩ።

ስህተት መሰለኝ። ጎማ ይዞ በቸልታ ነክቶት ይሆናል ብዬ መልእክት ጻፍኩለት። «ጋሽ ይማም፣ ሳያስተውሉኝ ይሆናል። እኔ እኮ ሙሔ ነኝ፣ ልጇ።»

መልሱ ወዲያው መጣ።

«ማን እንደሆንክማ አውቃለሁ» ይላል።